የግራው ጎማ የእኛ ነበር

በልጅነቴ አንድ የጭነት መኪና ለሁለት ተከፍሎ አይቻለሁ። አልተቆረጠም፣ አልተፈታታም፤ ግን ተከፍሏል። ቀኝ ጎኑ የጋሼ፣ ግራ ጎኑ የአባቴ ነበር። ይህን ሳወራ የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። እኔ ግን ያኔ መኪና ማለት ሰው ሁለት እጅ እንዳለው ሁሉ ሁለት ባለቤት ያለው ነገር ነው ብዬ ነው ያደግኩት።

ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። አባቴ ሲጠራው ሰምቼ እኔም ጋሼ አልኩት፣ በዚያው ቀረ። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሲሞቱ ለሁለቱ ልጆቻቸው የተዉት አንድ ግቢና አንድ መኪና ነው። ግቢውን መክፈል አላስቸገረም፤ እነጋሼ ከበሩ በስተቀኝ ያለውን ቤት ያዙ፣ እኛ በስተግራ ያለውን። መኪናው ግን አስቸገረ። ይሸጥ ሲባል ሁለቱም ዓይኔን ግንባር ያድርገው አሉ። በመጨረሻ ሊያስታርቁ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ፣ ደክሟቸው ይመስለኛል፣ "እንግዲያው እንደ ቤቱ ይሁና፤ ቀኙ የታላቅ፣ ግራው የታናሽ" አሉ። ሰዉ ሳቀ። ወንድማማቾቹ ግን ሳይስቁ ተስማሙ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ጋሼ ይነዳል፣ አንድ ሳምንት አባቴ። ሞተሩ የጋራ ነው። ጎማ ሲያልቅ፣ መብራት ሲሰበር፣ የጎን መስታወት ሲሰነጠቅ ግን ሁሉም በየጎኑ ነው። እኛ ልጆችም ደንቡን አጥብቀን እናከብር ነበር። የጋሼን ልጅ ቁንጫ እንላታለን፤ አንድ ቦታ ቁጭ ብላ አታውቅማ። መኪናው በሚታጠብበት ቀን እሷ በቀኝ፣ እኔ በግራ ሆነን እንወለውላለን። የፊት መስታወቱ ላይ መሐል ለመሐል በጣታችን መስመር እናሰምራለን፤ ጨርቄ አንዲት ጋት ካለፈ "ውጪ ከአገሬ" ብላ ውሃ ትረጨኛለች።

መኪናውን በተረካከቡ ቁጥር ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰኞ ጠዋት ሳምንቱን የጨረሰው ለሚጀምረው መኪናውን እንደ ታማሚ ያስረክበዋል። "ዘይት ይጠጣል፣ የኋላው ጎማ ለስልሷል፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ እንዳትጨክንበት" ይባባላሉ። ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ ነው። እኔ ወሬው ደስ ስለሚለኝ ዳቦዬን ይዤ እግራቸው ሥር እቆማለሁ።

ታዲያ አንድ ሰሞን መኪናው መጮህ ጀመረ። ከዳገቱ አናት ወደ ሰፈራችን ሲወርድ ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚሰማው ዓይነት ጩኸት፣ ጥርስ የሚያስነክስ። አባቴ ሞረድ የሚሉትን መካኒክ ጠራው። ሞረድ ያሉት ድምፁ ስለሚሻክር ነው እንጂ ሰውየውስ ለስላሳ ነበር። ግቢያችን ድረስ መጥቶ መኪናውን በክሪክ አነሳውና ሁለቱን የፊት ጎማዎች አወለቀ። ከጎማው ኋላ ሳህን የመሰለ ብረት አለ፤ ዲስክ ይሉታል። ፍሬን ሲረገጥ ያንን ዲስክ ግራና ቀኝ ቆንጥጦ የሚያቆመው ደግሞ ሸራ ነው። ሞረድ ጣቱን ዲስኩ ላይ ሄድ መለስ አደረገው። ቦይ ቦይ ሆኗል፣ የታረሰ መሬት መስሏል።

"ሸራው አልቋል" አለ። "ዲስኩም አልቋል። ቶርኖ ቤት ወስጄ ላስልጠው እንዳልል፣ ሳስቷል፤ አንዴ ቢላጥ ወረቀት ነው የሚሆነው። ሸራውንም ዲስኩንም፣ ሁለቱንም ጎን ባንዴ መለወጥ ነው።"

"የኔ ጎን ገና ነው" አለ ጋሼ፣ አጎንብሶ ቀኙን እያየ። "ያውልህ፣ ሥጋ አለው።"

"ሥጋ አይደለም፣ ቆዳ ነው።"

"እስኪጮህ ልጠብቀዋ።"

"እየጮኸ አይደል እንዴ?" አለ አባቴ።

"የሚጮኸው ያንተ ነው። እኔ ቁልቁለት በማርሽ ነው የማወርደው። አንተ ዶሮ ባየህ ቁጥር ትረግጣለህ። አንተ ረግጠህ የጨረስከውን እኔ ልለውጥልህ?"

"ዶሮ ከምጨርስ ፍሬን ብጨርስ ይሻለኛል።"

እኔና ቁንጫ ሳቅን። ሞረድ አልሳቀም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። "ስሙኝ፤ ፍሬን በጥንድ ነው የሚለወጠው፣ በወንድም አይደለም። አንዱ ጎን ጠብቆ ሌላው ከላላ መኪናው ወደ ጠበቀው ነው የሚዞረው። ወይ ሁለቱን እሠራለሁ፣ ወይ አልነካም።" ጎማዎቹን ብቻ መልሶ ገጥሞ ሄደ።

ጋሼን ያኔ ቆጥቋጣ ነው ብዬ ነበር የፈረድኩበት። እነዚያን ዲስኮች አያቴ ከመሞታቸው በፊት በገዛ እጃቸው እንደገጠሟቸው የነገረችኝ፣ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ የጋሼ ሚስት ናት። "ሲነቀሉ ማየት አልሆንልህ አለው እኮ" አለችኝ። ለአባቴ ግን ይህን አልነገረውም። ቢነግረው ኖሮ ይገባው ነበር፤ አባቴም የእሳቸው ልጅ አይደል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድማማቾቹ ተኮራረፉ። ግቢው አንድ፣ በሩ አንድ፣ ቧንቧው አንድ፤ እነሱ ግን የሚነጋገሩት በእኛ በልጆቹ በኩል ሆነ። አባቴ ከቧንቧው ሥር ቆሞ "ለጋሼ ንገሪው፣ ያንን ገመድ ይመልስ" ይለኛል። ጋሼ እዚያው ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሞ "ለአባትሽ ንገሪው፣ ገመዱ የት እንዳለ ዓይን ካለው ያየዋል" ይለኛል። እኔም ደረቴን ነፍቼ ሁለቱም የሰሙትን እደግመዋለሁ። ጋሼ ያን ጊዜ ነው ራዲዮ ብሎ ስም ያወጣልኝ። ማኩረፋቸውን ጨዋታ ነው ብዬ ይዤዋለሁ፤ ዋናውን ቦታ የያዝኩበት ጨዋታ።

አንድ እሁድ እነጋሼ ዘመድ ጥየቃ እንደሄዱ አባቴ የግራውን ጎማ ብቻውን አወለቀ። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ። አሮጌውን ዲስክ በመዶሻ እየመታ ከዝገቱ አላቀቀውና አዲሱን ከካርቶኑ አወጣ። በቅባት ወረቀት ተጠቅልሏል። ሲገልጠው ፊቴን አየሁበት።

"እንዳትነኪው" አለኝ። "የእጅ ወዝ አይወድም።" በቤንዚን በነከረው ጨርቅ እንደ ሕፃን ጠረገው።

እማዬ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። እጆቿን አጣጥፋለች።

"ሞረድ ምን ነበር ያለው?"

"ሰምቻለሁ።"

"ሰምተህ ነው?"

"ግራው የኔ ነው። በገዛ ጎኔ ማን ይከለክለኛል?"

"ኧረ ማንም። መኪናው ግን የሚሄደው በሁለቱም ጎን ይመስለኝ ነበር" ብላ ገባች። እኔ የተቆጣችው የወጥ ቤት ጨርቋን ቤንዚን ስላስነካባት መሰለኝ።

ጎማውን ከገጠመ በኋላ "ነይ እንሞክረው" አለኝና ጋቢና ውስጥ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ከሰፈር ወጥተን ሰው የማይበዛበት ሜዳማ መንገድ ላይ ደረስን። ፈጠን አደረገና ፍሬን ረገጠ። መኪናው አፍንጫውን ወደ ግራ ጣለ። መሪው በአባቴ እጅ ውስጥ ተሽከረከረ፤ እኔም ተንሸራትቼ በቀኙ በር ላይ ተለጠፍኩ።

"አባዬ፣ ወደኛ መጣ" አልኩ።

ሌላ ማለት አልመጣልኝም። አዲስ ነገር ያደረገለት የእኛ ጎን ነው፤ መኪናው ደግሞ ውለታ አውቆ ወደ እኛ ዘመም አለ። አባቴ እንደገና ረገጠ። እንደገና ወደ ግራ። አሁን መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞታል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። በረገጠ ቁጥር እኔ ሆን ብዬ በሩ ላይ እየተለጠፍኩ እስቃለሁ።

"ሲላመድ ይስተካከላል" አለ።

ለኔ የነገረኝ መስሎኝ "አዎ" አልኩት። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ጊዜ እንደሚፈልግ ዛሬ አውቃለሁ፤ ውሸት አልነበረም። ሰው ሲጨንቀው የሚይዘው ግን እንደዚህ ያለውን፣ ግማሽ ጎኑ እውነት የሆነውን ነገር ነው። ግማሽ ጎኑ።

በራችን ላይ ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ወደኔ ሳይዞር፣ "ለጋሼ እንዳትነግሪ" አለኝ።

"ምኑን?"

"መለወጤን።"

ልቤ በደስታ ዘለለ። እማዬ አዲሱን የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ቁምሳጥን ውስጥ ደብቃ ለወንድሜ "እንዳትነግራት" ስትለው ሰምቼ ነበር። እንዳትነግሪ የሚባለው ስጦታ ሲሆን ነው። አባቴ ከጋሼ ጋር ሊታረቅ ፈልጎ መኪናውን አሳምሮ ሠርቶለታል፤ ጋሼ ራሱ ሲነዳው ሊደነቅ ነው። ሁለት ጣቶቼን ከንፈሬ ላይ አድርጌ አፌን ቆለፍኩለት። አባቴ አየኝና ዓይኑን ሰበረ።

በማግስቱ ሰኞ ነበር። ጋሼ ቁልፉን ከበሩ ምስማር ላይ አወረደ፤ ከተኳረፉ ወዲህ ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም። ቁንጫ አብሬ ካልሄድኩ ብላ ታለቅሳለች። እናቷ ግማሽ ተሠርቶ ያደረውን ፀጉሯን ልትጨርስላት ጉልበቷ መሐል ወትፋ ያዘቻት። ያንን ፀጉር፣ ያንን ማበጠሪያ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ጋሼ ጋቢናውን ከፍቶ አንድ እግሩን እንደሰቀለ ዞር አለ። አባቴ ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ይታጠባል።

"ራዲዮ" አለኝ ጋሼ፤ ድምፁን አባቴ እንዲሰማ ከፍ አድርጎ። "እስቲ አባትሽን ጠይቂልኝ። መኪናው ምን አለው? የምትነግሪኝ ነገር አለ?"

አሁን ሳስበው ጋሼ ያን ጠዋት መታረቅ ፈልጎ ነበር። ጥያቄው የጥንቱ የርክክብ ጥያቄ ነው፤ በእኔ አፍ ዞሮ ቢመጣም ለወንድሙ የተላከ ነው። ያኔ ግን ሚስጥሬን ሊያወጣጣኝ የሚፈልግ ነው የመሰለኝ። ሳቄን ለመያዝ ጉንጬን ነከስኩ።

"ምንም የለውም" አልኩት።

"ምንም?"

"ምንም። ደህና ነው።"

ወደ አባቴ አየሁ፤ እንዲያመሰግነኝ። ውሃው ክፍት ነው። እጆቹ ፊቱ ላይ ናቸው። መታጠቡን አቁሟል፣ ግን እጁን አላወረደም፣ ቀናም አላለም። መኪናው ተነስቶ ከበሩ እስኪወጣ ድረስ እንደዚያው ጎንበስ እንዳለ ቆየ። ውሃው ጫማውን አራሰው። ሳሙና ዓይኑ የገባ መሰለኝና ፎጣ ላመጣለት ሮጥኩ።

ወሬው የደረሰን ከምሳ በፊት ነው። ወደ ገበያው በሚወርደው ቁልቁለት አንድ የእጅ ጋሪ ከጥግ ብቅ አለበት። በማርሽ የሚያወርደው ጋሼ እንኳ የግድ ረገጠ። መኪናው መንገዱን ተሻግሮ በግራ አፍንጫው የድንጋይ አጥር ላይ ወጣ። ጋሪ ገፊው ዘሎ ተርፏል። ሌላ ሰው አልተነካም። የጋሼን ግራ እግር ግን ከጉልበቱ በታች ብረቱ ቆንጥጦ ይዞት፣ ቆርቆሮ ቀደው ነው ያወጡት። አባቴ እንደሰማ ምንም ሳይጠይቅ፣ የት እንኳ ሳይል፣ ሮጦ ወጣ። ኋላ ላይ እማዬ እንዳለችው፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲያስበው የዋለው ቦታ ነው።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ይዞኝ ሄደ። ጋሼ ብዙ አልጋ ባለበት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ተኝቷል፤ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተሰቅሏል። ሚስቱ ጎኑ ተቀምጣለች። አባቴ የውሃ ጠርሙስ እንደያዘ እግርጌው ቆመ። አልተነጋገሩም። መልእክት እንዲሰጡኝ አንዱንም ሌላውንም ጠበቅኩ፤ ማንም ምንም አልላከኝም።

ብዙም ሳይቆይ ትራፊኩ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ብብቱ ሥር አደረገና፣ "እግዜር ይማርዎት" ካለ በኋላ፣ "መካኒካችን ጎማዎቹን አውልቆ አሳይቶኛል። በግራ በኩል ሸራውም ዲስኩም አዲስ ነው፤ በቀኝ በኩል ያለቀለት። እንደዚህ ሆኖ ቢረገጥ የትም ቢሆን ይህ አይቀርም ነበር። ማነው የሠራው?" አለ።

ጋሼ ይህን የሰማው ያኔ ነው። ወደ ትራፊኩ አላየም፤ ወደ እግርጌው፣ ወደ አባቴ ነው ያየው። ረጅም ጊዜ አየው። አባቴ መሬት ተከፍታ ብትውጠው የሚወድ ሰው መስሎ ጠርሙሱን ያገላብጣል።

"እኔ ነኝ" አለ ጋሼ።

"እርስዎ ራስዎ?"

"እኔ ራሴ። ግራውን ለወጥኩና ቀኙን ነገ እለውጣለሁ ብዬ ተውኩት። ቸኩዬ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ደሜ ፈላ። የአባቴን ስጦታ፣ አፌን ቆልፌ የጠበቅኩለትን፣ ጋሼ ዓይኑን በጨው አጥቦ የራሱ አደረገው። ሚስጥር መጠበቄ ለዚህ ነበር እንዴ? ጣቴን ወደ አልጋው ቀስሬ፣ "ውሸቱን ነው" አልኩ። "አባዬ ነው የለወጠለት። እኔ አይቻለሁ። ሊያስደስተው ብሎ ነው፤ እንዳትነግሪ ስላለኝ ነው ዝም ያልኩት።"

የጋሼ ሚስት "ዝም በይ አንቺ ልጅ" አለች፣ ግን ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ከአባቴ ላይ ሳታነሳ። ጋሼ፣ "ልጅ ናት፣ የምትለውን አታውቅም" ብሎ ለትራፊኩ ሊስቅለት ሞከረ።

አባቴ ጠርሙሱን ወለል ላይ አስቀመጠ። "ልጅቷ እውነቷን ነው" አለ። "እኔ ነኝ የሠራሁት።"

"እንደሚጎትት ያውቁ ነበር?"

እኔ ልመልስለት አፌን ከፍቻለሁ፤ አዎ፣ ወደኛ ነው የሚመጣው ልለው። አባቴ ቀደመኝ።

"አውቅ ነበር። ሞክሬዋለሁ።"

ትራፊኩ አንገቱን ነቀነቀ፤ ነገ ቢሮ እንዲመጣ ነግሮት ወጣ። አባቴ ሄደ፣ ቃሉን ሰጠ፣ የተፈረደበትን ተቀበለ። መኪናው ሲጠገን ሞረድ ሁለቱንም ዲስክ፣ ሁለቱንም ሸራ ባንዴ ለወጠው። ከዚያ በኋላ በቤታችን የግራና የቀኝ ነገር ተነስቶ አያውቅም። ጋሼ በሕይወቱ ሙሉ አነከሰ፤ ሳምንቱ ሲደርስ አባቴ ነው የነዳለት። እነዚህ ሁሉ በኋላ የመጡ ናቸው። ያን ቀን ግን ትራፊኩ ከወጣ በኋላ አልጋው ዙሪያ የቀረነው እኛ ብቻ ነበርን።

"ሰኞ ጠዋት ቧንቧው ጋ ነበርክ" አለ ጋሼ። ከተኳረፉ ወዲህ ፊት ለፊት ያናገረው የመጀመሪያው ቃል ነው።

"ነበርኩ።"

"ስጠይቃት ሰምተሃል።"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ?"

"አፈርኩ ጋሼ" አለ። "ሞረድ ያለው ደረሰ። አንተ ፊት ቆሜ ተሳሳትኩ ማለት... ነገ አስተካክለዋለሁ አልኩ። ቀና ልል ስል ልጅቷ መለሰችልህ። ከዚያማ እንዴት ብዬ ልጄን ላሳብላት ብዬ... እሱም ሰበብ ነው። አፈርኩ በቃ።"

ጋሼ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲነሳና ሲወድቅ አያለሁ፤ እግሩ የሚጠዘጥዘው መስሎኝ ነበር።

"አሁን ሂድ" አለ እንደዞረ። አባቴ በሩ ጋ ሲደርስ፣ "ነገ ና" አለው። "እንዳትቀር። ይሄ ነርስ ሲያነሳኝ አጥንቴን ነው የሚያላላው።"

ወደ ቤት በእግራችን ተመለስን። አባቴ እጄን ይዞኛል፣ ግን የያዘ አይመስልም፤ መዳፉ ቀዝቅዟል። በጎናችን መኪና ባለፈ ቁጥር ቆም ይላል። ሚስጥሩን አውጥቼ ስጦታውን አበላሽቼበታለሁ። አፈርኩ ያለውም ለዚህ ነው፤ አዲስ ነገር ሰጥቶት ጋሼ ስላልተደሰተለት። ላጽናናው ፈለግኩና የማጽናኛ ቃል ስፈልግ ብዙ መንገድ ሄድን።

"አባዬ" አልኩት በመጨረሻ።

"ወዬ።"

"ሌላ ጊዜ ለጋሼ የሆነ ነገር ስታደርግለት ቀድመህ ንገረው። ባይደነቅም ግድ የለም።"

አባቴ ቆመ። እግሬ ሥር በርከክ አለና የጫማዬን ማሰሪያ ያዘ። አልተፈታም ነበር። ፈታውና እንደገና አሰረው፤ ጠበቀ መሰለኝ እንደገና ፈታው። ጣቶቹ ጥፍር ሥር የዲስኩ ጥቁር ቅባት ገና አልወጣም።

"እሺ" አለ ለጫማው።

መንገደኛ እያለፈን ነው፤ አንዳንዱ ዞር ብሎ ያየናል። ቀና እስኪል ጠበቅኩት።